ፋይል ከፎልደር ወደ ፎልደር ሲዛወር ኮታው የት ይቆጠራል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በፊውዝ (ተራ ፕሮግራም እንደ ፋይል ሲስተም እንዲሠራ በሚያስችለው የሊኑክስ መሣሪያ) የራሴን የፋይል ሲስተም እየጻፍኩ ነው። ኮታ (ሊያዝ የሚችለውን ቦታ ገደብ) የማስረው በፎልደር ነው። ፋይል ሲፈጠርና ሲጻፍ ኮታውን አጣራለሁ፤ እሱ በደንብ ይሠራል። ግን አንድ ተጠቃሚ 40 ጊጋባይት ሌላ ቦታ አጠራቅሞ፣ 10 ጊጋባይት ብቻ ወደተፈቀደለት ፎልደር በሪኔም (የፋይል ስም ወይም ቦታ በሚቀይረው ጥሪ) አስገባው። ምንም አልከለከለውም። ያንን ለመዝጋት ሪኔም ላይም ማጣሪያ ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ኮታቸው የሞላባቸው ሰዎች እዛው ፎልደራቸው ውስጥ የፋይል ስም መቀየር አቃታቸው። አንዳንዶቹማ ጭራሽ መሰረዝ አልቻልንም ይላሉ። መሰረዝ ላይ ምንም ኮድ አልነካሁም! ወንድማችሁ ግራ ተጋብቷል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?»

ከመሰረዙ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ነው ሰው የሚያሳብደው። አልነካሁም ያልከው እውነትህን ነው። ግን መሰረዝ አንዳንዴ አንተ ጋ የሚደርሰው በሪኔም በኩል ነው። የፊውዝ ላይብረሪ የሆነው ሊብፊውዝ ሁለት ዓይነት ኤፒአይ (ፕሮግራምህ ከእሱ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) አለው። አንተ የምትጠቀመው በፋይል ዱካ የሚሠራውን፣ ከፍተኛ ደረጃ የሚባለውን ይመስለኛል። በዚህኛው፣ አንድ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ተከፍቶ ሳለ «ይሰረዝ» ሲባል ላይብረሪው ወዲያው አያጠፋውም። እዛው ፎልደር ውስጥ በ«ነጥብ ፊውዝ ሂደን» የሚጀምር ስም ሰጥቶ ይደብቀዋል። የመጨረሻው ከፋች ሲዘጋው ያኔ በትክክል ይጠፋል። ታዲያ ይህን መደበቅ የሚሠራው ማን ነው? ያንተው የሪኔም ፈንክሽን ነው። የጨመርከው ማጣሪያ «ኮታው ሞልቷል» ብሎ መለሰው። ሰውየው ቦታ ለማስለቀቅ መጥቶ ቦታ የለህም ተባለ።

«ሃርድ ሪሙቭ» የሚባል አማራጭ አለ፤ እሱን ስታበራ መደበቁ ይቀራል። አትጠቀምበት። ፋይሉን ከፍቶ እየሠራበት የነበረው ፕሮግራም ንባቡ መሃል ላይ ስህተት ሊገጥመው ይችላል። ደግሞም ችግሩ መደበቁ ላይ አይደለም፣ ማጣሪያህ ላይ ነው።

ማጣሪያህን ሳላየው ልገምት። «እስካሁን የተያዘው ሲደመር የፋይሉ መጠን ከገደቡ ከበለጠ ከልክል» የሚል ነው። አዲስ ፋይል ሲጻፍ ትክክል ነው። ለሪኔም ግን ስህተት ነው። ፋይሉ እዛው ፎልደር ውስጥ ስሙን ብቻ ከቀየረ፣ መጠኑ «እስካሁን የተያዘው» ውስጥ አስቀድሞ አለ። አንተ ሁለተኛ ጊዜ ደመርከው። ኮታቸው ግማሽ ላይ ያሉት ሰዎች ይህን አያዩትም፤ የሞላባቸው ናቸው የሚጮሁት።

ይህ ስህተት ለምን ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል? የለመድነው ኮታ የተጠቃሚና የግሩፕ ኮታ ስለሆነ ነው። እዚያ ላይ ሪኔም ከኮታ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሪኔም አንድን ስም ከአንድ ፎልደር ዝርዝር አውጥቶ ሌላ ዝርዝር ውስጥ ይጽፋል። አይኖዱ (የፋይሉን መረጃ የሚይዘው መዝገብ) ያው ነው፣ ባለቤቱ ያው ነው፣ ዳታው የተቀመጠባቸው ብሎኮችም ካሉበት አይነቃነቁም። ስለዚህ የማንም ሂሳብ አይነካም። ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ብቻ አሉ። አንደኛው፣ መድረሻው ፎልደር ዝርዝሩ ሞልቶ አዲስ ብሎክ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ያ ብሎክ በፎልደሩ ባለቤት ላይ ይቆጠራል። የሊኑክስ የሪኔም መመሪያ ገጽ ላይ የኮታ ስህተት የተዘረዘረው ለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ መድረሻው ላይ በዚያ ስም የነበረ ፋይል ከተተካ የእሱ ባለቤት ቦታ ይለቀቅለታል።

የፎልደር ኮታ ግን ሌላ እንስሳ ነው። እዚህ ሂሳቡ የሚያዘው በባለቤት ሳይሆን ፋይሉ ባለበት ቦታ ነው። ሪኔም ደግሞ ሥራው ቦታ መቀየር ነው። ስለዚህ አንድ ባይት ሳይጻፍ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው 40 ጊጋባይት ሊሻገር ይችላል። የፊት በሩን ቆልፈህ የጓሮውን ክፍት ትተኸዋል ማለት ነው።

ትክክለኛው ስሌት በልዩነት ነው። የሚገባውን ውሰድ፣ የሚጠፋውን ቀንስ፣ ከዚያ ልዩነቱን በሚመለከታቸው ፎልደሮች ላይ ብቻ አጣራ። «የሚመለከታቸው» የምትለዋ ቃል ናት ዋናዋ። ከምንጩና ከመድረሻው ተነስተህ ወደ ላይ ስትወጣ ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ይገናኛሉ። እሱን የጋራ ወላጅ እንበለው። ከጋራ ወላጁ ጀምሮ ወደ ላይ ያሉት ሁሉ ፋይሉ ከመዛወሩ በፊትም በኋላም ውስጣቸው ነው። እነሱ ላይ ምንም አልተጨመረም። ማጣራት ያለብህ ከመድረሻው እስከ ጋራ ወላጁ ያሉትን፣ ጋራ ወላጁን ሳይጨምር ነው።

በቁጥር እንየው። «ቢሮ» የሚባል ፎልደር ገደቡ 100 ጊጋ ነው፤ 98ቱ ተይዟል። ውስጡ «ሂሳብ» አለ፣ ከ30 ውስጥ 20 የያዘ። «ምስል»ም አለ፣ ከ60 ውስጥ 55 የያዘ። አሁን አንድ የ8 ጊጋ ፋይል ከምስል ወደ ሂሳብ ይዛወር። ሂሳብ 28 ይሆናል፣ ያልፋል። ምስል 47 ይሆናል። ቢሮ 98 እንደሆነ ይቀራል። አንተ ግን ቢሮንም ካጣራህ 98 ሲደመር 8፣ 106 አገኘህና ከለከልክ። ያለ ጥፋቱ።

ሂሳብ ውስጥ በተመሳሳይ ስም የ5 ጊጋ ፋይል ነበረ እንበል። ሪኔሙ እሱን ይተካዋል። አሁን ሂሳብ 20 ሲደመር 8 ሲቀነስ 5፣ ማለትም 23 ይሆናል። ልብ በል፣ ያ የጠፋው 5 ጊጋ ከቢሮም ላይ መቀነስ አለበት፤ ቢሮ 93 ይሆናል። ማጣራቱ ጋራ ወላጁ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ መቀነሱ ግን እስከ ሥሩ (እስከ ላይኛው ፎልደር) ድረስ ይሄዳል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ውጤቱ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚያብጥ ቆጣሪ ነው፤ ከወራት በኋላ «ፎልደሬ ባዶ ነው፣ ኮታዬ ግን ሙሉ ነው» የሚል ቅሬታ ይመጣብሃል።

ልዩነቱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ከሆነ በፍጹም አትከልክል። ፎልደሩ ቀድሞ ከገደቡ አልፎ ቢሆንም እንኳ። አስተዳዳሪው ገደቡን ከተያዘው በታች ሊያወርደው ይችላል፤ ያኔ ተጠቃሚው መውጫ መንገድ ያስፈልገዋል። ፋይል ማውጣት፣ ስም መቀየር፣ ትልቁን በትንሽ መተካት ሁሌም ይፈቀድ። ያንተ የስም መቀየርና የመሰረዝ ችግር በዚህች አንድ መስመር ይፈታል።

ባይትና የፋይል ቁጥር ደግሞ ለየብቻ ይታዩ። መቶ ሺህ ባዶ ፋይል የያዘ ፎልደር በባይት ምንም ነው፣ በቁጥር ግን መቶ ሺህ ነው። ከሚዛወረው ፎልደር ውስጥ የራሱ ኮታ ያለው ንዑስ ፎልደር ካለ እሱን አትንካው፤ ይዘቱ ስላልተለወጠ ገደቡም ከነቁጥሩ አብሮት ይሄዳል።

እስካሁን ያወራሁት ቀላሉን ክፍል ነው። ከባዱ «የሚገባው ስንት ነው?» የሚለው ነው። ነጠላ ፋይል ከሆነ አንድ ቁጥር ነው። ፎልደር ከሆነ ግን ውስጡ ያለውን ሁሉ ማወቅ አለብህ። ገብቶ መቁጠር ይቻላል፤ ሚሊዮን ፋይል ያለበት ላይ ግን ሪኔም ደቂቃዎች ይወስዳል። ባሰም፣ አንተ ስትቆጥር ሌላው ይጽፋል፤ ቆጥረህ ስትጨርስ ቁጥርህ አርጅቷል። ሌላው መንገድ እያንዳንዱ ፎልደር የዘሩን ሁሉ ድምር ይዞ እንዲኖር ማድረግ ነው። ያኔ ሪኔም ፈጣን ይሆናል፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ግን እስከ ሥሩ ድረስ ቆጣሪ ይነካል።

ድምሩን ይዘህም ልትሸወድ ትችላለህ። በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠራው የሴፍ ፋይል ሲስተም ታሪክ እዚህ ጋ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በሊኑክስ ከርነል (በሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ ያለው የሴፍ ደንበኛ ኮታቸው በተለያየ ፎልደሮች መካከል ሪኔም አይፈቅድም ነበር። በ2020 ኮታውን እያሰላ እንዲፈቅድ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተሻረ። ምክንያቱ እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ አንድ ፎልደር ውስጥ ፋይል ትፈጥርና መጠኑን በትሩንኬት (ዳታ ሳይጻፍ መጠን በሚቀይረው ትእዛዝ) 10 ጊጋ ታደርገዋለህ። ወዲያው ፎልደሩን አንድ ሚሊዮን ባይት ብቻ የተፈቀደለት ቦታ ውስጥ ታስገባለህ። ይገባል! ደንበኛው አዲሱን መጠን የስምና የመጠን መዝገብ ለሚይዘው ሜታዳታ ሰርቨር ወዲያው ስለማይነግር ድምሩ ገና አልታደሰም። ማስተካከያው ፍጥነትን በጣም ስለሚጎዳ፣ ወደ ድሮው ክልከላ መመለስን መረጡ።

ይህ አንተንም ይመለከታል። ፊውዝ ላይ የራይትባክ ካሽ ከከፈትክ፣ የተጻፈው ዳታ ከርነሉ ጋ ተቀምጦ አንተ ጋ ገና አልደረሰም ማለት ሊሆን ይችላል። አንተ ፋይሉ 2 ሜጋ ነው ስትል ከርነሉ 2 ጊጋ መሆኑን ያውቃል። ኮታ ላይ ቁም ነገር ከያዝክ ያንን ካሽ ዝጋው።

እነ ኤክስኤፍኤስ ያሉ የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች ይህን ሁሉ ጣጣ እንዴት አለፉት? አላለፉትም፣ አልገቡበትም። ኤክስኤፍኤስ የፎልደር ኮታን የሚሠራው በፕሮጀክት ቁጥር ነው። እያንዳንዱ አይኖድ የፕሮጀክት ቁጥር ይይዛል፤ ፎልደሩ ላይ የውርስ ምልክት ካለ አዲስ የሚፈጠረው ሁሉ ቁጥሩን ይወርሳል። የውርስ ምልክት ወዳለበት ፎልደር ቁጥሩ የተለየ ፋይል በሪኔም ሊገባ ሲል «ኤክስዴቭ» የሚለውን ስህተት፣ ቁጥር 18ን ይመልሳል። ትርጉሙ «ይህ ሌላ ፋይል ሲስተም ነው፣ በሪኔም አይሆንም» ነው። በእርግጥ ውሸት ነው፣ ዲስኩ አንድ ነው። ግን ጠቃሚ ውሸት ነው። የማዛወሪያው ትእዛዝ፣ ኤምቪ፣ ይህን ስህተት ሲያይ ወደ መገልበጥ ይዞራል። ይገለብጣል፣ ከዚያ ምንጩን ያጠፋል። መገልበጡ ደግሞ በተለመደው የመጻፍ ማጣሪያ በኩል ያልፋል። አለቀ። ኤክስቲ4ም በ2016 በሊኑክስ 4.5 የፕሮጀክት ኮታ ሲያገኝ ይህንኑ ሕግ ወሰደ። ቢቲአርኤፍኤስ ላይም ፋይልን ከአንድ ሰብቮልዩም (እንደ ራሱ ፋይል ሲስተም ከሚታይ ክፍል) ወደ ሌላ በሪኔም ማዛወር በዚሁ ስህተት ይመለሳል።

አንድ የሚያስቅ ክፍተት አለ። የኤክስኤፍኤስ ማጣሪያ የሚያየው መድረሻውን ነው። መድረሻው የውርስ ምልክት ከሌለው ሪኔሙ ያልፋል፣ ፋይሉ ግን የድሮ ፕሮጀክት ቁጥሩን ይዞ ይወጣል። ፎልደሩን ለቆ ከሄደ በኋላም በድሮው ፎልደር ላይ መቆጠሩን ይቀጥላል። «ሁሉንም አውጥቼ ኮታዬ ለምን አልቀነሰም?» የሚል ሰው ካጋጠመህ መጀመሪያ ይህን ጠርጥር።

በሌላው ጫፍ የሃዱፕ ፋይል ሲስተም የሆነው ኤችዲኤፍኤስ አለ። እዚያ ስሌቱ በትክክል ይሠራል፤ ሪኔሙ ኮታ የሚጥስ ከሆነ ይከሽፋል፣ ፎልደር ሲዛወርም ኮታው አብሮት ይሄዳል። የሚችለው ኔምኖዱ (ስሞቹን የሚያስተዳድረው ሰርቨር) የስሞቹን ዛፍ በሙሉ ሜሞሪ ውስጥ ስለያዘና ለውጡን በአንድ ሎክ (ሌላውን በሚያስጠብቅ ቁልፍ) ሥር ስለሚያደርግ ነው። (በነገራችን ላይ እዚያ የቦታ ኮታ ቅጂዎችን ሁሉ ይቆጥራል፤ 1 ጊጋ ፋይል በ3 ቅጂ 3 ጊጋ ነው። የስም ኮታ (የፋይልና የፎልደር ቁጥር ገደብ) 1 የሰጠኸው ፎልደር ደግሞ ለዘላለም ባዶ ነው፣ ራሱን ስለሚቆጥር።)

ታዲያ አንተ የትኛውን? እኔ ብሆን ሁለቱን እቀላቅል ነበር። የሚዛወረው ነጠላ ፋይል ከሆነና ሌላ ሃርድ ሊንክ (ለዚያው ፋይል የተሰጠ ሁለተኛ ስም) ከሌለው ልዩነቱን አስላ፤ ካለፈ ፍቀድ፣ ካላለፈ ከልክል። ከአንድ የኮታ ዛፍ (ኮታ ከታሰረበት ፎልደር ከነውስጡ) ወደ ሌላ የሚዛወረው ፎልደር ከሆነ ኤክስዴቭ መልስ። እዛው ዛፍ ውስጥ ከሆነ ምንም ሳታጣራ አሳልፈው። ይህ ግማሽ ቀን የማይወስድ ሥራ ነው። የፎልደር ድምር መያዝን በኋላ ትመለስበታለህ፣ ካስፈለገ።

የስህተት ቁጥሩ ላይ ጥንቃቄ አድርግ። አስልተህ «ይበልጣል» ካልክ የኮታ ስህተቱን፣ ሊኑክስ ላይ ቁጥር 122ን መልስ። «ዲስኩ ሞልቷል» የሚለውን 28 አትመልስ፤ ሰዉ የዲስኩን ባዶ ቦታ አይቶ «ይሄው ግማሹ ባዶ ነው» እያለ ይከራከርሃል። ኤክስዴቭንም እዚህ ጋ አትጠቀም። ለ40 ጊጋው ፋይል ኤክስዴቭ ብትመልስ ኤምቪ ደስ ብሎት መገልበጥ ይጀምራል። ገደቡ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ምንጩ አይጠፋም፣ ግን መድረሻው ላይ ግማሽ ቅጂ ተንጋልሎ ይቀራል፣ የሰውየውም ኮታ ጢም ይላል። ኤክስዴቭ «ማስላት አልፈልግም» ነው፤ 122 ደግሞ «አስልቻለሁ፣ አይበቃም» ነው።

ኤክስዴቭ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ዝም ብሎ ሪኔም ጠርቶ ስህተት ሲመጣ የሚሞት ፕሮግራም ሞልቷል። ጊዜያዊ ፋይል አንድ ቦታ ጽፎ በመጨረሻ ዋናው ላይ የሚተካ ፕሮግራም፣ ጊዜያዊው ቦታ ሌላ የኮታ ዛፍ ውስጥ ከሆነ ይሰበራል። ጊዜያዊ ፋይሉ ከዋናው ጎን እዛው ፎልደር ውስጥ ይሁን በላቸው። እዛው ቢሆንም ሌላ ነገር አለ፦ ለጥቂት ጊዜ አሮጌውም አዲሱም አብረው ይቆጠራሉ። ከ10 ጊጋ 9 የያዘ ሰው የ2 ጊጋ ፋይሉን በዚህ መንገድ መተካት አይችልም። ሪኔሙ ጋ ሳይደርስ ጽሑፉ ላይ ይቆማል። ይህ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ለማስተካከልም አትሞክር።

ሪኔምን ከዘጋህ ሊንክንም ዝጋ። አለዚያ ያ የ40 ጊጋው ሰውዬ አዲሱ ፎልደር ውስጥ ሃርድ ሊንክ ይሠራል፣ የድሮውን ስም ያጠፋል። ያው ሪኔም ነው፣ በሁለት እርምጃ። በኮታ ዛፎች መካከል ሃርድ ሊንክ ሲጠየቅ ሁልጊዜ ኤክስዴቭ መልስ፤ አንድ ፋይል ሁለት ቦታ ካለ በማን ይቆጠር የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ማቀያየሪያውም አለ። ከሊኑክስ 3.15 ጀምሮ ሁለት ስሞችን በአንዴ የሚያቀያይር የሪኔም ዓይነት መጥቷል። እሱ ሲጠራ ልዩነቱ በሁለቱም በኩል ይጣራል፤ አንደኛው ወገን ሁሌም ይጨምራል፣ መጠናቸው እኩል ካልሆነ በቀር።

የተከፈተ ፋይልም አንድ ወጥመድ ነው። ብዙ የፊውዝ ኮድ ፋይሉ ሲከፈት የኮታ ፎልደሩን ፈልጎ ሃንድሉ (የተከፈተው ፋይል መያዣ) ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ ፋይሉ ይዛወራል። ፕሮግራሙ መጻፉን ሲቀጥል በድሮው ፎልደር ላይ ይቆጠራል። ኮታውን በተከፈተበት ጊዜ ሳይሆን በተጻፈበት ጊዜ ፈልግ፣ ወይም ሪኔም ላይ ሃንድሎቹን አድስ። የተተካው ፋይልም ተከፍቶ ከነበረ ቦታው ገና አልተለቀቀም። እስኪዘጋ ድረስ አትቀንስ።

ማጣራቱና መደመሩ በአንድ ሎክ ሥር ይሁኑ። ለየብቻ ከሆኑ ሁለት ሪኔም እኩል ይመጡና ሁለቱም «3 ጊጋ ይቀራል» ብለው ያነባሉ፣ ሁለቱም 3 ጊጋ ይዘው ይገባሉ። በኮታ ዛፍ ሎክ የምትይዝ ከሆነ ሁለቱን ዛፎች ሁልጊዜ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ያዝ፤ አለዚያ ከሀ ወደ ለ እና ከለ ወደ ሀ የሚዛወሩት ተጠባብቀው ይቀራሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በዛፎች መካከል ለሚደረግ ሪኔም አንድ አጠቃላይ ሎክ ይበቃሃል። ሊኑክስ ራሱ ፎልደር ከወላጅ ወደ ወላጅ ሲዛወር ለፋይል ሲስተሙ በሙሉ አንድ ሎክ ይይዛል።

መብራት ቢጠፋስ? ቆጣሪውንና ስሙን በአንድ ትራንዛክሽን (ወይ ሁሉም ወይ ምንም በሚጻፍበት መንገድ) መጻፍ ከቻልክ ጥሩ። ካልቻልክ በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ መድረሻው ላይ ደምር፣ ከዚያ ሪኔሙን አድርግ፣ በመጨረሻ ምንጩ ላይ ቀንስ። መሃል ላይ ቢቋረጥ ከልክ በላይ ትቆጥራለህ እንጂ በታች አትቆጥርም። ሪኔሙ ራሱ ካልተሳካ የደመርከውን መመለስ እንዳትረሳ። ሲነሳ አንድ ጊዜ ቆጥሮ የሚያስታርቅ ነገር ጻፍ፤ ኤክስኤፍኤስም ቆጣሪዎቹን ሳያምን ሲቀር ፋይል ሲስተሙ ሲከፈት ሙሉ ቆጠራ ያደርጋል።

ቀድሞ የገባውን 40 ጊጋ በተመለከተ፣ አታስወጣው። ፎልደሩ ከገደብ በላይ ሆኖ ይቀመጥ። ልዩነቱ ከዜሮ በላይ የሆነ ነገር ሁሉ ይከለከልበታል፤ ማውጣት፣ ማጥፋትና ስም መቀየር ይቻለዋል። ሲቸግረው ራሱ ያጸዳዋል።